ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት

ናኡፓ ጥርስ የላት፤ ግን ስም ሞልቷል ባፏ።
ባሕሩ ሲሸሽላት፣ እልፍ ሲል ከደጃፏ፣
ዘንቢሏን አንግታ ትወርዳለች ካፋፏ፤
እኔም ደብተር ይዤ፣ መቅረጫዬን አዝዬ
እከተላታለሁ ጫማዬን ጥዬ፣
ዛጎል እየወጋኝ፣ «ይሄስ ማነው?» ብዬ።

«ይሄ ማኒኒ ነው፣ ስድስት ሰንበር ያለው፤
ያ ደግሞ ኡሜ ነው፣ ቀንዱ የቀደመው።
ይህን ሉፖ በለው ገና መዳፍ ሲያክል፤
ክንድ ሲሞላ ያ ስም በሌላ ይተካል፤
ሰው የሚያህል ጊዜ ኡሉኣ ይባላል።
ስም እንደ ሹመት ነው፣ ሲያድጉ ይታከላል።»

ስምን መልአክ ያወጣል ይባላል ሲነገር፤
እዚህ ግን ስም አውጪው ዓሣ አጥማጅ ነበር፤
እጁን መንጠቆ ያረሰው፣ ዐይኑን ጨው ያቀላው፣
አንዳንዴም ሳይመለስ ያው ባሕር የበላው።
ይህን ሁሉ ስም አሟልቶ የሚያውቅ
ሰባት ሰው ቀርቷል በደሴቲቱ፤
ሰባቱም ሲሥቁ ያስላሉ።

ወንድሟ ሉሳማ፣ ታንኳውን ሲጠግን፣ አንዱን ስም ነፈገኝ።
«ሲመሽ አይጠራም» አለ፣ «ነገ ባሕር ወጪ ነኝ፤
ጆሮ አለው፣ ይሸሻል፤ ባዶ እጄን ሊያስቀረኝ?
ቅዳሜ ና።»
ቅዳሜ ዝናብ ሆነ። እሑድ ጸሎት። ሰኞ መርከቡ መጣ፤
ሉሳማ ለዐይኑ ሕክምና ወደ ዋናው ደሴት ወጣ።
ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦
«ትልቅ፣ የሌሊት ዓሣ። ስሙ፦ ነገ።»

ከፑላካው እርሻ ዳር፣ ጨው ከጠጣው ጉድጓድ፣
አንዲት ሐረግ አየን ከድንጋይ ላይ ስትወርድ።
ቀጠፈቻት፣ አሸተተች፣ ነከሰቻት፣ ተፋች፤
«እናቴ ለሕፃን ሆድ… እናቴ ስትጠራት…» ብላ ዝም አለች።
ሦስት ደቂቃ ሙሉ የቀረጽሁት ዝምታ፦
ነፋስ፣ የሩቅ ማዕበል፣ የዶሮ ጫጫታ።
«ምላሴ ጫፍ ነበረች» አለች፣ «አሁን የለችም።
እኅቴ ታውቃት ነበር። እኅቴም የለችም።»
ቁጥር ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ብዬ
መስመሩን ባዶ ተውሁት፣
ላልደረሰ እንግዳ እንደሚተው ቦታ።

ራታችን ሩዝ ነበር፣ የቆርቆሮ ዓሣ።
ማሊኤ፣ የልጅ ልጇ፣ ለዕረፍት ከከተማ የመጣች፣
ስድስት ዓመቷ፣ ቆርቆሮውን አንሥታ፣
ባዶውን ባንድ ዐይኗ አጮልቃ አይታ፣
«አያቴ፣ የዚህኛውስ ስሙ ማን ነው?» አለች።
እኔ ሣቄን አፈንሁ። ናኡፓ አልሣቀችም።
ተቀበለቻት፤ እንደዚያች ሐረግ አሸተተች፤
ጣቷን ነክራ ላሰች፤
ዐይን ፈለገች፣ ዐይን የለም፤
ጭራ ፈለገች፣ ጭራ የለም።
«ዓሣ ግማቱ ካናቱ» ቢባልም በተረት
ይሄ አናት የለውም፤ ከየት ይጀምሩት?
ብዙ አሰበች።
ከዚያ በቋንቋዋ አንድ ረጅም ቃል አወጣች፣
ከዚያች ሌሊት በፊት ማንም ያልሰማውን፤
ፍቺው፦ «ራሱን ጥሎ የመጣ»።

ልጅቱ እየዘለለች ደገመችው፤
በማግሥቱ መርከብ መቆሚያው ላይ ልጆች ሲጯጯሁበት ሰማሁ፤
በሳምንቱ ባለሱቁ ፒቶ፣ ሒሳብ ሲሠራ፣
«ሁለት ራሱን ጥሎ የመጣ፣ አንድ ሳሙና» ይላል።
ጻፍሁት። ሁለት መቶ ዐሥራ አምስት።

ጀልባዬ ሲነሣ ናኡፓ ውሃው ውስጥ ገባች እስከ ጉልበቷ፤
ደብተሬን ነጥቃ፣ ገልጣ፣ ከቀሚሷ እጥፋት
ያችን ሐረግ አወጣች፤ ከባዶው መስመር ላይ አስተኛቻት።
«ስሟ ከመጣልኝ እልክልሃለሁ» አለች፤
«ካልመጣልኝ ግን
እሷን ራሷን ጠይቃት።»

ዛሬ መስመሩ ባዶ አይደለም፤ ቡናማ እድፍ አለበት።
አንዳንድ ሌሊት እገልጠዋለሁ፣ አሸተዋለሁ፤
ጨው ጨው ይላል፣ የሕፃን ሆድ ሆድ ይላል፤
አፌ ሊጠራት ይከፈታል።